ባለ ሰባት ቋጠሮው ሣር

ሰኔ 3

የምናገረው እኔ ነኝ፤ የምትጽፈው ልጄ ናት። ፊደል አልቆጠርኩም፣ አላፍርበትምም። ሣር ግን አውቃለሁ። በዕፅዋት ምርምር ተቋሙ የደረቅ ሣር ክፍል አርባ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ጡረታ ወጥቼ ስድስት ወር ሳይሞላ ራሳቸው መጥተው መለሱኝ። የደረቁን ሣር መሳቢያ የሚያውቅ ሰው ጠፋ።

ደብተሩን የሰጠችኝ ላቦራቶሪውን የምትመራው ዶክተር ናት። የዛሬ ሃያ ዓመት ተማሪ ሆና ስትመጣ፣ ገብስን ከስንዴ በቅጠሉ መለየት አታውቅም ነበር። ገብስ ጆሮው ረጅም ነው፣ አገዳውን ያቅፋል ብዬ ያሳየኋት እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ፣ "አባባ፣ ስለ ሣር የሚያውቁትን ለልጅዎ እየነገሩ ያስጽፉልኝ" አለችኝ። እሺ አልኳት። የማውቀው በአንድ ደብተር አያልቅም፤ ስለዚህ ቀኑን አስጽፋለሁ፣ ሣሩ በመሃል ይገባል።

ልጄ ልብስ ሰፊ ናት። ማታ ማታ ከስፌት መኪናዋ ላይ ጨርቁን አንስታ ደብተሩን ትዘረጋለች። የምትኖረው ከእኛ ጋር ነው። ከእኔ ጋር።

እናቷ ከሌለች ሃያ ሁለት ቀን። ሥራ ቦታ አልተናገርኩም። ሦስት ቀን ቀረሁ፣ ጉንፋን ነው አልኳቸው። የሰው ከንፈር መጠጣ አልወድም።

ሰኔ 5

ሥራችን እንዲህ ነው። ድሮ ሣር የሚመደበው በመልኩ ነበር፤ በአበባው፣ በአንጓው፣ በምላሱ። ምላስ የምላት ቅጠሉ ከአገዳው በሚለይበት ቦታ ያለችውን ነው። አንዳንዱ ሣር ላይ ስስ ሽፋን ናት፣ አንዳንዱ ላይ የጸጉር ረድፍ። አውራ ጣቴን አንዴ ሳሳልፍባት የማን ዘር እንደሆነ አውቃለሁ።

አሁን በዲኤንኤ ነው። ቅጠሉን ይፈጩታል፣ በፈሳሽ ያጥቡታል፣ ጣት በምታህል ብልቃጥ ይከቱታል። ማሽኑ ውስጡ የተጻፈውን ያነባል።

"ምንድነው የተጻፈው?" አልኳት።

"ፊደል ነው አባባ። አራት ፊደል ብቻ፣ እየተደጋገመ።"

"አራት ብቻ ከሆነማ እኔም እማር ነበር።"

ሳቀች። እኔ የምሬን ነው።

ጽሑፉ የተቀራረበ ዘመድ ነው፣ የተራራቀ ባዳ ነው ይላሉ። ከዚያ ዛፍ ይስሉለታል፤ ማን ከማን ጋር አንድ አያት እንዳለው በቅርንጫፍ ያሳያሉ። በእሱ ዛፍ ቀርከሃ ከበቆሎ ይልቅ ለስንዴ ይቀርባል። መልኩን አይቶ ማን ያምናል? እኔ ግን አመንኩ። ነገሩን አልጠላሁትም።

ከተቋሙ ጀርባ ተዳፋት አለ። እዚያ ብቻ የሚበቅል አንድ ሣር አለ። መጽሐፉ ይህ ያው የመንገድ ዳሩ ተራ ሣር ነው ይላል። አይደለም። አይደለም ስል ሠላሳ አንድ ዓመቴ። እኔ ነኝ የለየሁት። አሁን የግንባታ ኃላፊው ተዳፋቱን ደልድሎ መኪና ማቆሚያ ሊያደርገው ተነሥቷል። ዶክተሯ ለተቋሙ ኮሚቴ አመለከተች። ሣሩ ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑ በዲኤንኤ ከተረጋገጠ ተዳፋቱ አይነካም፣ ካልሆነ ይደለደላል ተባለ። ማስረጃው እስከ ሐምሌ መጨረሻ መቅረብ አለበት።

ይቅረብ። ማሽኑ የሚነግራቸው እኔ ስነግራቸው የኖርኩትን ነው።

ልጄ ብዕሯን አቆመች። "አባዬ፣ መጀመሪያ የለየችው እማዬ አይደለች እንዴ?" አለችኝ።

ጻፊ አልኳት።

ሰኔ 9

ዝናብ። ሣር ሰበሰብኩ።

ሣር ስሰበስብ ለእያንዳንዱ እስር በክር ቋጠሮ ነው ምልክት የማደርገው። ክሩን የምታመጣልኝ ልጄ ናት። ቀለም በዝናብ ይታጠባል፣ ወረቀት ይበሰብሳል፣ ቋጠሮ የትም አይሄድም። አምስት ቋጠሮ ከበሩ አጠገብ የተወሰደው የመንገድ ዳር ሣር። ስድስት ቋጠሮ ያው የመንገድ ዳር ሣር፣ ከድልድዩ ሥር። ሰባት ቋጠሮ የተዳፋቱ። ዓይኔ ለሩቅ ነው፤ ለቅርብ ጣት አለኝ። እጄን ኪሴ ከትቼ እንኳ እቆጥራለሁ። ዶክተሯ ይህን ታውቃለች። ቁጥሩን እኔ እነግራታለሁ፣ እሷ ፖስታው ላይ ትጽፋለች። ሃያ ዓመት እንዲህ ሠርተን አንድ ቀን አልተሳሳትንም።

ዘበኛው በር ላይ ያዘኝ። "አባ ሣሩ፣ ይህን ሁሉ ለየትኛው በሬ ነው?"

"ለአንተ ነው። ክረምቱን እንዳይርብህ።"

"ኧረ እኔስ የእማማ ምሳ ነው የናፈቀኝ። ጠፉሳ? ድስቷን ይዘው ብቅ ካሉ ቆዩ።"

ሥራ በዝቶባት ነው አልኩት።

ቋጠሮውን ማሰር ዛሬ ጊዜ ወሰደብኝ። ብርድ ነው።

ሰኔ 12

ጠዋት ማንቆርቆሪያውን አነሣሁ። ልጄ ጮኸች። "አባዬ፣ እጅህ! እጀታው እሳት ነው!"

አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ ውኃ ቋጠሩ። አላመመኝም። አርባ ዓመት ሣር የነጨ እጅ ቆዳው ወፍራም ነው። ሐኪም ቤት እንሂድ አለች። ማንቆርቆሪያ ለነካ ሰው ሐኪም ቤት አይኬድም።

ሰኔ 14

ዶክተሯ ቅጠል ልትወስድ መጣች። መቀሷን ይዛ ቆመች፣ እኔ እስሮቹን ከማድረቂያው ክፍል አወጣሁ። "ስድስትን ይስጡኝ።" ሰጠኋት። "ሰባትን።" ሰጠኋት። እንደ ልማዷ ከላይ ሁለተኛውን ቅጠል ቆረጠች፣ እርጥበት የሚመጥ ፍሬ ካለበት ፖስታ ውስጥ ከተተች፣ ቁጥሩን ጻፈች።

"እጅዎ ምን ሆነ?" አለችኝ።

"ሻይ" አልኳት።

ሰኔ 19

ልጄ የእናቷን ልብስ እናውጣ አለች። እንደፈለግሽ አልኳት። ሹራቧን አጥፌ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። ሱፍ ይሁን ጥጥ አላወቅኩም። ኪሱን ስገለብጠው ልጄ ጎንበስ ብላ ከወለሉ የሆነ ነገር አነሣች። "አባዬ፣ ይህ እኮ በእጅህ ነበር። ሲወድቅ አልታወቀህም?"

የሣር ራስ ነው። ደርቋል።

ሌላ ምንም የለም። ዘነበ።

ሰኔ 26

ሻይ ቤቱ ውስጥ ሁለት የላቦራቶሪ ሠራተኞች ከኋላዬ ተቀምጠዋል።

"ሽማግሌው በእጁ ዳብሶ ነው አሉ የሚያውቀው።"

"እጅ ደግሞ መቼ ማስረጃ ሆነ?"

"ዶክተሯ ስለምትወደው እንጂ ድሮ ነበር ቤቱ መቀመጥ የነበረበት።"

ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንኩ። ድሮ ቢሆን ዞሬ አፋቸውን አስይዛቸው ነበር። ሻዬን ጠጣሁና ወጣሁ። ትኩስ ይሁን ቀዝቃዛ አላስታውስም።

ሐምሌ 4

ውጤቱ መጣ። ዶክተሯ በሩን ዘግታ አስቀመጠችኝ። በሩን ስትዘጋ አወቅኩ።

"አባባ፣ ሁለቱ አንድ ናቸው።"

"የትኞቹ ሁለቱ?"

"ስድስትና ሰባት። አንድ ፊደል እንኳ አይለያዩም። አንድ ቅርንጫፍ ላይ ነው የተቀመጡት።"

"ማሽኑ ተሳስቷል።"

"ሁለት ጊዜ ደገምነው።"

"ሦስተኛ ድገሙት።"

"የሰጡኝን ቅጠል መቶ ጊዜ ብደግመው ያው ነው የሚለኝ።" መነጽሯን አወለቀች። "እኔም ሌላ ነው ብዬ ነበር። እርስዎን ስላመንኩ።"

ስላመንኩ አለች። እስከ ዛሬ "ስለማምን" ነበር የምትለው።

ሠላሳ አንድ ዓመት ተሳስቼ ይሆን? ልጄ፣ ይህን ሰርዢው።

ሐምሌ 5

"አባዬ፣ ምሳህን አልነካኸውም።" በልቻለሁ አልኳት። ሳህኑ ፊቴ ነበር።

ሐምሌ 8

ዛሬ ብቻዬን ወደ ማድረቂያው ገባሁ። ምን እንደምፈልግ አላወቅኩም። እስሮቹን አንድ በአንድ ጋዜጣው ላይ ዘረጋሁ። ሁለቱ ላይ ከላይ ሁለተኛው ቅጠል የለም፤ መቀስ ነክቷቸዋል። ሦስተኛው ሙሉ ነው። ማንም አልነካውም።

የዚያን ሙሉውን እስር ክር በአውራ ጣቴ ቆጠርኩ። አምስት። ደግሜ ቆጠርኩ። ስምንት። ወደ መስኮት ወስጄ ከዓይኔ አራቅኩት፤ ቋጠሮው ቀጭን ነው፣ ይደባለቃል። ጣቴን በጥርሴ ነከስኩት። የሌላ ሰው ጣት የነከስኩ ነው የሚመስለው።

ከዚያ ክሩን በከንፈሬ መሃል አሳለፍኩት። ከንፈሬ አልሞተም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት።

ሰባቱ አልተቆረጠም። ስድስት ብዬ የሰጠኋት አምስቱን ነው፣ ሰባት ብዬ የሰጠኋት ስድስቱን ነው። ሁለቱም የመንገድ ዳር ሣር ናቸው። አንድ መሆናቸው ምን ይገርማል!

ማሽኑ ልክ ነው። ሣሩም ልክ ነው።

ይህን አትጻፊ አልኳት። እጇ መሄዱን አላቆመም።

"ነገ ትነግራታለህ" አለችኝ።

"አስብበታለሁ።"

"ምኑን ነው የምታስበው? ሊያፈርሱት ነው እኮ!"

"ጣቱ የሞተ ሣር ለቃሚ ምን ያደርግላቸዋል? ቤት ተቀመጥ ነው የሚሉኝ። ቤት ደግሞ..."

ከዚህ ደብተር አንድ ቃል ከወጣ አባት የለሽም አልኳት። ክፉ ተናገርኩ። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም፤ ይህንንም ጻፈችው።

ሐምሌ 11

አልነገርኳትም። ዶክተሯ ኮሪደር ላይ ሰላም ብላኝ አለፈች።

ሐምሌ 12

አልነገርኳትም።

ሐምሌ 14

ዶዘሩ መጣ። ሐምሌ ሳያልቅ አይነካም ተብሎ ነበር። ኃላፊው የውጤቱን ወሬ ሰምቶ ነው። ከታች ጀመረ። እኔ ከማድረቂያው መስኮት ቆሜ አየሁ፤ ለሩቅ ዓይኔ ደህና ነው። አፈሩን ገለበጠው፣ ሣሩ ሥሩ ወደ ላይ ሆነ። ጠፍጣፋው ድንጋይ ጋ ሲደርስ ትንሽ ቆመና ገፋው። ድንጋዩ ሁለት ጊዜ ተንከባሎ ቦዩ ውስጥ ገባ።

የልጄ እናት ምሳ ይዛልኝ ስትመጣ የምትቀመጥበት ድንጋይ ነው።

ምንም አልተሰማኝም። ምንም። ደረቴን ነካሁት፤ ጣቴም ደረቴም እኩል ናቸው። አራት ሰዓት እስኪሆን ግማሹ ሄደ።

ሐምሌ 15

ነገርኳት።

ቢሮዋ ስገባ ኃላፊው እዚያ ተቀምጧል፣ ወረቀት እያስፈረማት ነው። እሱ እስኪወጣ አልጠበቅኩም። ጠብቄ ቢሆን ኖሮ አልናገርም።

"የተሳሳትኩት እኔ ነኝ" አልኩ። "የተዳፋቱ ሣር አልተመረመረም። ስድስትን ሰባት ብዬ ነው የሰጠሁሽ። ጣቴ ሞቷል፤ ቋጠሮ መቁጠር አልችልም።"

ብዕሯ እጇ ላይ ቀረ።

ኃላፊው ሳቀ። "አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ውጤቱ ስላላማረዎት ነው ዛሬ ጣትዎ የሞተው?"

"ሐሰተኛ ልትለኝ ነው?"

"እኔ እንደዚያ አልወጣኝም። ግን በቃል ብቻ ሥራ አይቆምም።"

ጠረጴዛዋ ላይ ሣር የሚሰፋበት መርፌ አለ፤ ደረቁን አገዳ ከወረቀት ጋር የምናያይዝበት። አነሣሁና አውራ ጣቴ ውስጥ ሰካሁት። እስከ ግማሹ። ዓይኔን ከፊቱ አላነሣሁም። "አንተስ? ሞክረው እስኪ" አልኩት።

ፊቱን አዞረ። ዶክተሯ ተነሥታ መርፌውን ነቀለችው፣ በመሐረቧ ጣቴን ጠቀለለችው። "ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለችኝ።

"አላውቅም። ማወቅ ሳልፈልግ ነው የቆየሁት።"

"ለምን አልነገሩኝም አባባ?"

ባለ ሰባት ቋጠሮውን እስር ከጃኬቴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ቋጠሮውን ራሷ በዓይኗ ቆጠረች፣ ጮክ ብላ። ሰባት ስትል ኃላፊው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። "እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ" ብሎ ወጣ። ዶዘሩ ቆመ።

ቀድሜ ተናግሬ ቢሆን ታችኛው ግማሽ ይኖር ነበር። ስድስት ቀን ዝም አልኩ። ይህን ጻፊው።

ሐምሌ 17

ሐኪም ቤት ሄድን። ስኳር ነው አሉ፣ ዓመታት የቆየ። እግሬንም በላባ ነካክተው "ይሰማዎታል?" እያሉ ጠየቁኝ። ጣቱስ ይመለሳል ወይ አልኩ። ሐኪሙ መልሱን ለልጄ ነገራት፣ እኔ እንደሌለሁ ሁሉ። ገባኝ።

ሐምሌ 27

ዶክተሯ ወረቀት ሰጠችኝ። ሁለት መስመር ጽሑፍ ነው፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች፣ ያው አራት ፊደል።

"የላይኛው የመንገድ ዳሩ ነው፣ የታችኛው የእርስዎ" አለችኝ። "ቀዩን ቀለም ያያሉ? የሚለያዩበት ነው።" ገጹ በሙሉ ቀይ ነጠብጣብ ነበር። "ወንድምና እህት እንኳ አይደሉም አባባ። በዛፉ ላይ የእርስዎ እዚያ ማዶ ነው የወጣው፣ ሌላ ቅርንጫፍ ላይ። መልካቸው የተመሳሰለው አንድ ዓይነት መሬት ላይ አንድ ዓይነት ችግር ስላዩ ነው።"

ሠላሳ አንድ ዓመት የጠበቅኩት ቃል ነው። ሲመጣ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ ወረቀቱን አየሁት። ደስ አለህ ወይ ብትሉኝ አላውቅም።

ኮሚቴው ላይኛውን ግማሽ ታጥሮ እንዲቀመጥ ወሰነ። ቋጠሮ ቀርቷል፤ ከእንግዲህ ምልክቱ የፕላስቲክ ቁጥር ነው። እጄ ባይሠራም መጥቼ እንድቀመጥ፣ ለአዲሶቹ እንዳስተምር ለመነችኝ። የማይዳብስ ሰው ምን ያስተምራል አልኳት።

"መሳቢያው ላይ አዲስ ጽሑፍ ልለጥፍ ነው" አለች። "መጀመሪያ የለየው ብዬ የእርስዎን ስም ከነአባትዎ ጽፌዋለሁ።"

"አጥፊው" አልኳት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በዚያን ጊዜ ወጣት ነን። ምሳ አምጥታ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ እኔን ትጠብቃለች። አንድ ዘለላ ሣር ነጭታ አፏ ውስጥ አድርጋለች፣ እያላመጠች። "ይሄ ያ የመንገድ ዳሩ አይደለም" አለችኝ። "አንቺ ደሞ፣ ስለ ሣር ልታስተምሪኝ ነው?" ብዬ ሳቅኩባት። "ያኛው ይለሰልሳል፣ ይሄ ከንፈሬን ይኮረኩረኛል" አለች። ምላሱ ጸጉር ነው ማለቷ ነበር። በሳምንቱ ለአለቃዬ አንድ ሣር ለየሁ ብዬ ነገርኩት። አጨበጨቡልኝ። እሷ ሰምታለች። ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ቀን አላነሣችብኝም።

የልጄን እናት ስም ነገርኳት። ዶክተሯ ጻፈችው። "ይዘዋቸው ይምጡና ያሳዩአቸው" አለችኝ።

እሺ አልኳት።

ነሐሴ 3

ዕቃዬን ልወስድ ሄድኩ። ዕቃዬ ያልኩት መቀሴና ኮቴ ነው።

ዶክተሯ ለጥፌዋለሁ ብላኛለች። ታዝንልኛለች፤ የሚያዝን ሰው ደግሞ ሊሸነግል ይችላል። ስለዚህ የማያዝንልኝን ዘበኛውን ጠርቼ መሳቢያው ፊት አቆምኩት።

"አንብብልኝ።"

"ደግሞ ዛሬ ፈተና ነው?" ብሎ ጎንበስ አለ። ቁጥሩን አነበበ፣ የቦታውን ከፍታ አነበበ። "መጀመሪያ የለየችው" ብሎ ስሟን ጠራ፣ ከነአባቷ።

"ድገመው።"

ደገመው።

"ድገመው።"

"ኧረ አባ ሣሩ፣ ሦስት ጊዜ! ማን ናቸው እሳቸው?"

"ባለቤቴ ናት።"

"እማማ? እንዲህ ነው እንዴ ስማቸው! ታዲያ ለዚህ ለዚህማ ድስት ሙሉ ይዘው ይምጡ እንጂ! ከግንቦት ጀምሮ እኮ አላየኋቸውም፣ ምን ሆነው ነው?"

"ሞታለች" አልኩት።

ቃሉ ከአፌ የወጣው ዛሬ ነው። ዘበኛው ቆቡን አወለቀ። ከንፈሩን አልመጠጠም። ዱሮ የምትቆምበትን በር ዞሮ አየ፣ እኔም አየሁ።

በተዳፋቱ በኩል ወጣሁ። ከአጥሩ ውጪ የወጣች አንዲት ዘለላ ነጨሁ፣ ወደ አፌ አስጠጋኋት። ይኮረኩራል። እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ።

ልጄ መጻፍ አቁማለች። ጻፊ አልኳት።